ሳይለቀስላቸው የቀሩት
ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ሲሞት ሐዘንን እንዴት እንደምንሸከም በወላጆችና በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን በልጆቻችን ፊት የማናነሣው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ አስተማሪ አያስፈልገንም፤ ከአባቶቻችን ተቀብለነዋል። ነገር ግን ከአንድ ቤት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰው ሲሞት፣ ያውም መቃብሩ ሳይታወቅ፣ ቀኑ ሳይያዝ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡለት ሲቀር፣ ሐዘኑ በምን ይወጣል? እኛ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ በየጊዜው እናገኘዋለን። መምህሩ "ይህ ልጅ ለምን ዝም ይላል?" ብሎ ይጠይቃል። ወደ ቤቱ ስንሄድ ዝም ያሉት እናቱ ወይም አያቱ ሆነው እናገኛቸዋለን። የእርሳቸውን ዝምታ ስንከታተል ደግሞ ሱዳን እንደርሳለን።

በሱዳን የሆነው

እንደሚታወቀው ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984፣ ወገናችን ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከስሜን፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። ሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን በጫካ እየተደበቀ፣ ሽፍታ እየዘረፈው፣ ውኃ እየጠማው ነው የተጓዘው። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች በዚያ ጊዜ በእናቶቻችን ጀርባና በአባቶቻችን ትከሻ ላይ የነበርን ሕፃናት ነን። በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት የስደተኞች ሠፈሮች፣ ከሁሉም በላይ በኡም ረኩባ፣ ወባው፣ ኩፍኙና ተቅማጡ ከረኃቡ ጋር ተባብረው ሕዝቡን ጨረሱት። ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ድረስ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ የመጡት ደግሞ 8,000 ያህል ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሐዘኑን ስፋት ይረዳል። ሞት በየድንኳኑ ገብቷል፤ ከአንዳንዱ ድንኳን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አስቀርቶ ወጥቷል።

ታዲያ ለእነዚህ ሙታን ለምን አልተለቀሰም? ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አልነበረም። ይሁዲነታችን እንዳይታወቅ መደበቅ ነበረብን፤ እንደ ሥርዓታችን ተሰብስቦ ማልቀስ ራስን ማጋለጥ ነበር። በኦሪታችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጣል፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይነጻል፤ በዚያ ሠፈር ግን የሚጠጣ ውኃ እንኳ ሳይኖር መንጻት ከየት ይመጣል? ጠዋት አንድ ልጁን የቀበረ አባት ማታ ሁለተኛውን ልጅ ያስታምም ነበር። የቆመውን ለማዳን ሲባል የወደቀውን ማልቀስ ለነገ ተላለፈ።

ነገም መጣ። ነገ ግን መርከዝ ክሊታ፣ ኡልፓን፣ ሥራ ፍለጋ፣ የቤት ዕዳ ሆነ። ሰው ሁሉ "እንኳን ለኢየሩሳሌም አበቃችሁ" ሲለን እያመሰገንን ተቀበልን፤ ደስታውም እውነት ነበር። ነገር ግን ለናፈቅናት አገር በበቃን ቀን ስለ ሙታን ማንሣት ውለታ ቢስነት መሰለን። በዚያው ዘመን ከወንድም እኅቶቻችን ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ቀርተው ነበር። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጡ፣ ለዓመታት ተጠራቅሞ የቆየ መርዶ አብሮ መጣ። እዚህ ያለው እዚያ የሞቱበትን ሰማ፤ ከዚያ የመጣው በሱዳን ያለቁትን ሰማ። በአንድ ቀን የአባቱን፣ የእኅቱንና የአጎቱን ሞት የሰማ ሰው በመካከላችን ስንት አለ?

ሐዘኑም በዚያ ዘመን አላበቃም። በዚህ አገርም በበሽታ፣ በመኪና አደጋ፣ በሠራዊት አገልግሎት፣ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በተደረገው ጦርነትም ከቤታችን ሰው ወድቋል። አዲሱ ሐዘን ሲመጣ ያልተለቀሰለትን አሮጌውን ይቀሰቅሰዋል። ለልጅ ልጃቸው ሲያለቅሱ በመሐል በሱዳን የቀረ ልጃቸውን ስም የሚጠሩ እናት አእምሯቸው አልሳተም፤ 40 ዓመት የቆየ ተራው ደርሶ ነው።

ብዙ ሞት በሰው ላይ የሚያደርገው

የአንድ ሰው ሞት ያሳዝናል፤ የብዙ ሰው ሞት ያደነዝዛል። ሰውዬው ለአንዱ ማልቀስ ሲጀምር ሌላው ይመጣበታል፤ ለማን እንደሚያለቅስ ይጠፋዋል፤ በመጨረሻ እንባው ይደርቃል። ሰዎች "ልቡ ደንዳና ነው" ይሉታል፤ እርሱም ራሱን እንዲሁ ይጠረጥራል። ይህ ድንዛዜ ግን ሰውነት ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ሲጫንበት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጸጸት ነው። "እኔ ለምን ተረፍሁ? ውኃውን ለእርሷ ሰጥቼ ቢሆንስ? ከአገር ባልወጣን ኖሮስ?" እያለ ሰው ራሱን ይከስሳል። ወገኖቻችን፣ በሽታው የገደለውን እናት አልገደለችውም። ምርጫ በሌለበት ቦታ የተደረገውን ነገር ዛሬ በጠገበ ሆድና በታጠበ እጅ ሆነን ልንፈርድበት አይገባም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው የሞተበት ወላጅ የቀሩትን ልጆቹን ከዓይኑ አያርቅም። ትምህርት ቤቱ ለቲዩል ሲጠራ አይፈቅድም፤ ልጁ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ ስልኩን እየደጋገመ ይደውላል። መምህሯም "ወላጆቹ አይተባበሩም" ብላ ትጽፋለች። ልጁም ይቆጣል። የፍርሃቱ ምንጭ ግን ለልጁም ለመምህሯም አልተነገረም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ሰው አለ። ኢዮብ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹን በአንድ ቀን አጣ። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዳች ቃል አልተናገሩም። የረዱት ያን ጊዜ ነበር። ችግር የመጣው አፋቸውን ከፍተው "ይህ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው" ማለት ሲጀምሩ ነው። ኑኃሚንም ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ምሬቷን በሕዝብ ፊት ተናገረች እንጂ አልሸሸገችም። ሩት ደግሞ አልመከረቻትም፣ አልገሠጸቻትም፤ አብራት ሄደች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሟች ስሙን እንመልስለት። "በሱዳን ያለቁት" የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ጉድጓድ ይቀብራል። እናቶቻችን በለቅሶ ላይ ሙሾ ሲያወርዱ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአገሩን ስም፣ የሠራውን መልካም ሥራ እየጠሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ተራ ነበረው። ስለዚህ በየቤታችን አንድ ደብተር እንክፈት። በአንድ ገጽ አንድ ሰው ይጻፍ፤ ስሙ እስከ አያቱ፣ የተወለደበት መንደር፣ ዕድሜው፣ የት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ ምን ይወድ እንደነበር። የሁለት ወር ሕፃን ቢሆንም ገጽ ይኑረው። ጽሕፈት የማይችሉ አረጋውያን ይናገሩ፤ የልጅ ልጅ ይጻፍ ወይም በስልኩ ድምፃቸውን ይቅረጽ። ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። የመንገዱን ታሪክ በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሲሞት የብዙ ሙታን ስም አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ ቀን እንስጣቸው። ሺቫ፣ ሽሎሺም፣ የዓመቱ አዝካራ ሁሉ በቀን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቀኑ ያልታወቀ ሟች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ይሆናል። በዚህ አገር ይህ ችግር ከእኛ በፊትም ደርሷል። በሾዓ ላለቁትና የሞቱበት ቀን ላልታወቀው ወገኖች የቴቬት ወር 10ኛው ቀን የጠቅላላ ካዲሽ ቀን ሆኖ ተወስኗል። ለእኛም ሙታን ኢያር 28፣ የኢየሩሳሌም ቀን፣ የመታሰቢያ ቀን ሆኖላቸዋል። በሃር ሄርጽል በ2007 የተመረቀው መታሰቢያ በሚገኝበት ቦታ በዚያ ቀን መንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። መሄድ የሚችል ይሂድ፤ ልጆቹንም ይውሰድ። የማይችል በቤቱ ሻማ ያብራ። ከዚህ በተጨማሪ ቤተሰቡ የራሱን ቀን ቢመርጥ መልካም ነው። ወንድማማቾች ተነጋግረው፣ ቄሱን ጠይቀው፣ ለሁሉም በአንድነት ተዝካር ያድርጉ፤ ስማቸው ግን ተለይቶ አንድ በአንድ ይጠራ። በ2008 በክኔሴት በወጣው ሕግ የታወቀው የሲግድ በዓላችንም ሙታንን የምናስብበት ቀን መሆኑን አንርሳ።

ሦስተኛ፣ የመርዶን ሥርዓት እንጠብቅ። አባቶቻችን መርዶ በድንገት አይናገሩም ነበር። የሚነገረው ሰው እህል መቅመሱ ይታያል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ሽማግሌ ይገባል፤ ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው። ይህ ጥበብ ነው እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። ዛሬ ግን መርዶ በስልክ፣ አንዳንዴም በዋትስአፕ ይመጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዕብራይስጥ የሚያውቀው የ12 ዓመት ልጅ በሆስፒታል የሐኪሙን ቃል እንዲተረጉም መደረጉ ነው። አንድ ልጅ የአባቱን ሞት ለእናቱ እንዲያረዳ አይገባም። አዋቂ አስተርጓሚ ይጠራ፤ እስኪመጣም ይጠበቅ። በሌላ በኩል መርዶን ለዓመታት መደበቅ አይጠቅምም። የተደበቀበት ሰው በኋላ ሲሰማ ሁለት ጊዜ ያዝናል፤ ለሟቹም፣ ስለ ተደበቀበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። በሃላኻ ሕግ የዘመድ ሞት ከ30 ቀን በኋላ የተሰማ እንደሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል መቀመጥ ይበቃል። በእኛ ባህል ደግሞ ለቅሶ የሚጀመረው መርዶ በተነገረበት ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ከሩቅ አገር የቆየ መርዶ የደረሳቸው ቤተሰቦች "ሺቫችሁ አልፏል፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ" ተብለው ቅር የተሰኙበት ጊዜ አለ። የሕጉን ነገር ቄሶችና ራቢዎች ይነጋገሩበት። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ሺቫ አለመቀመጥና አለማዘን አንድ አይደሉም። በአንድ ሰዓት ሺቫ የጨረሰ ሰውም ዘመድ ሊጠይቀው፣ ሊያለቅስ፣ ሊጽናና ይገባዋል።

አራተኛ፣ ለልጆች እውነቱን እንንገር። "አያትህ ተኝተዋል" ወይም "ሩቅ አገር ሄደዋል" አንበል። የተባለው ልጅ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይፈራል፣ ወይም መንገደኛው እስኪመለስ ይጠብቃል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አይገባውም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ቢጠይቅ ደጋግመን እንመልስ። "ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ ተመልሶ አይመጣም፤ አንተ ያደረግኸው ነገር አይደለም፤ እኛ እንጠብቅሃለን" ይበቃል። ልጅ አልቅሶ ወዲያው ሊጫወት ይችላል፤ ንቀት አይደለም፣ የልጅ ሐዘን እንዲህ ነው። ከዚህ በፊት አድርጎት የማያውቀው ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር፣ ሆዴን አመመኝ ቢያበዛ፣ በክፍል ቢቆጣ ወይም ውጤቱ ቢወድቅ ሐዘኑ እየተናገረ ነውና ለመሐኔኽቷ እንንገራት። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል፤ "በቤታችን ሐዘን አለ" በሏት። ያልተነገራት መምህር ልትረዳ አትችልም።

ታላላቆቹ ልጆች ደግሞ የቤቱን ታሪክ ይወቁ። በሱዳን ስለሞተች እኅቱ ያልተነገረው ልጅ የእናቱን ዝምታ በራሱ ላይ የተቆጣች አድርጎ ይተረጉመዋል። ስትነግሩት በአንድ ማታ ሁሉንም አትጨርሱ። ዛሬ ስለ አንዷ፣ ሌላ ቀን ስለ ሌላው። ስለ ሞታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ኑሯቸውም ንገሩት።

አምስተኛ፣ ሰውነት ሲናገር እንስማ። ወገናችን "ልቤን ያመኛል" ሲል ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዝዛል፤ መሣሪያው ምንም አላየም ይላል፤ ሰውዬው ግን ታሟል። ስለዚህ ለሐኪሙ "ልቤን" ብቻ አንበል። "እነዚህ ሰዎች ሞተውብኛል፣ ከዚያ ወዲህ አልተኛም" እንበል። ምርመራውም አይቅር፤ የእውነት የልብ ሕመም ሊሆን ይችላልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የዓለም የጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የቆየና ሰውን ከኑሮው ያገደ ብርቱ ሐዘን እንደ ሕመም ተመዝግቧል፤ የሕዝቡ ባህል ለሐዘን የሚሰጠው ጊዜም እንዲታይ ተደርጓል። ዓመት አለማልቀስ ግዴታችን አይደለም። ነገር ግን ሰውዬው መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ከቤት ካልወጣ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም "እነርሱ ወዳሉበት ብሄድ ይሻለኛል" ካለ በዚያው ቀን ብቻውን አይተው። የነፍስ ሕክምና ከ2015 ወዲህ በኩፓት ሆሊም በኩል የሚሰጥ ነው፤ ከቤተሰብ ሐኪሙ ይጠየቅ። በሌሊትም ቢሆን በስልክ ቁጥር 1201 ኤራን ይገኛል። ወደ ሐኪም መሄድ ወደ ቄስ ከመሄድ አይከለክልም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስድስተኛ፣ ይህ ለጎረቤትና ለዘመድ ነው። ለመጀመሪያው ለቅሶ አውቶቡስ ሞልቶ ከቂርያት መላኺ፣ ከነታንያ፣ ከሐይፋ ይመጣል። ለሁለተኛው ግማሹ ይመጣል። በሦስተኛው ሰው ይደክመዋል። አንዳንዱም ቤቱን ይፈራል፤ "በዚያ ቤት አንድ ነገር አለበት፣ ሞት ለመደበት" እያለ ያንሾካሹካል። ይህን ነገር አጥብቀን እንቃወም! ሐዘንተኛን እንደ በደለኛ ማየት የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት ነው። ብዙ የሞተበት ቤት ይበልጥ የሚጎበኝ ቤት ሊሆን ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሥራውን እንከፋፈል። አንዱ ልጆቹን ከጋን ያምጣ፤ አንዱ ለቢቱአሕ ሌኡሚ የሚቀርበውን የሸኢሪም ጥያቄ ሳይዘገይ ይሙላ፤ አንዷ ምግብ ይዛ ትምጣ እንጂ ሐዘንተኛዋ ለእንግዳ ስትደግስ አትዋል። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ፣ ድንኳኑ ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ስምንተኛውን ቀን፣ ወሩን፣ በዓሉን አስበን እንሂድ። ምን እንደምንል ቢጨንቀን ዝም ብለን እንቀመጥ፤ ወይም የሟቹን ስም እንጥራ። "አሁንስ በቃሽ፣ ለቀሩት ልጆችሽ ስትዪ እርሺው" አንበል። የቀሩት ልጆች የሞተውን አይተኩም፤ እርሱም ሲታሰብ እነርሱ አይጎድልባቸውም።

ወገኖቻችን፣ ሐዘን በሚገባ ቢለቀስም አያልቅም፤ ስፍራውን ግን ይይዛል። ስፍራ ካገኘ በኋላ ሰው ሊስቅ፣ ሊድር፣ ሊወልድ ይችላል፤ ይህም ሙታንን መካድ አይደለም። እኛን ወደ ኢየሩሳሌም ለማድረስ ብለው መንገድ ላይ የቀሩት ሰዎች እንድንኖርላቸው እንጂ አብረናቸው እንድንቀበር አልተነሡም።

በዚህ ሳምንት ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰንበት ገብቶ ቤተሰቡ በማዕድ ሲሰበሰብ፣ ከሞቱባችሁ መካከል የአንዱን ስም ለልጆቻችሁ ንገሩ። ማን እንደነበረ፣ እንዴት ይስቅ እንደነበረ ንገሩ። ልጆቹ ከጠየቁ መልሱላቸው፤ እንባ ቢመጣም አትደብቁት። ሰንበት ሲወጣ ደብተሩን ግዙ።

የሙታኖቻችን ዝክር ለበረከት ይሁን። እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።